ከዳታቤዝ ፊልድ ወደ አሬይ፤ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ የት ላይ ይቆረጣል?

መሥሪያ ቤቶች፣ ፍርድ ቤቶች፣ ባንኮችና የመገናኛ ብዙኃን በወረቀትና በዎርድ ፋይል ያከማቹትን ጽሑፍ ወደ ዳታቤዝ ማስገባት ከጀመሩ ሰንብተዋል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂም የመንግሥት አገልግሎት በዚህ መንገድ እንዲሄድ አቅጣጫ አስቀምጧል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሌላ ፍላጎት ተጨምሯል፤ በዳታቤዝ የተቀመጠውን ረጅም ሰነድ በአንቀጽ ወይም በዓረፍተ ነገር ቆራርጦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲፈለግ ማድረግ።

በዚህ ሥራ ጽሑፉ በሁለት ቦታዎች መካከል ይመላለሳል። አንደኛው የዳታቤዙ ፊልድ ሲሆን ጽሑፉ ሳይከፋፈል የሚቀመጥበት ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ በሜሞሪ የሚይዘው የስትሪንግ አሬይ ነው፤ ያው ጽሑፍ በመስመር፣ በቃል ወይም በአንቀጽ ተከፋፍሎ በተራ ቁጥር ይደረደርበታል። ተጠቃሚው ይህን ምልልስ አያየውም። የሚያየው ውጤቱን ነው፤ መጨረሻው የጎደለ ማመልከቻ፣ አንቀጾቹ የተጣበቁበት ደብዳቤ፣ በቃል መሀል ብቅ ያለ የጥያቄ ምልክት። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በፎንት ወይም በኔትወርክ ይሳበባል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ግን ጽሑፉ ከፊልድ ወደ አሬይ፣ ከአሬይ ወደ ፊልድ ሲሻገር ነው። ምክንያቱም ዳታቤዙ፣ ፕሮግራሙና አንባቢው ርዝመትን የሚቆጥሩት በተለያየ መለኪያ ነው። በእንግሊዝኛ የአንባቢውና የዳታቤዙ ቁጥር ብዙ ጊዜ አንድ ስለሚሆን ችግሩ ሳይታይ ያልፋል። በአማርኛ ግን ይለያያሉ።

ሦስት ቆጣሪዎች፣ አንድ ቃል

«ሰላም» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አንባቢው ሦስት ፊደል ይቆጥራል። ጃቫና ዶት ኔት ስትሪንግን የሚይዙት ዩቲኤፍ-16 በሚባለው አሠራር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት፣ በድምሩ 6 ባይት ይመድባሉ። አብዛኞቹ ዳታቤዞች የሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ለአንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚፈልግ ቃሉ 9 ባይት ይሆናል። የእንግሊዝኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 1 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ናሙና የተሞከረ ሲስተም ፊደልና ባይት አንድ እንደሆኑ አድርጎ ቢሠራም ሙከራውን ያልፋል።

ቃሉን ጠጋ ብለን ብናየው ሰ የተጻፈው 225፣ 136፣ 176 በሚሉ ሦስት ባይቶች ነው። ላ 225፣ 136፣ 139 ነው፤ ም ደግሞ 225፣ 136፣ 157። አንድ ፕሮግራም ይህን ቃል ስምንተኛው ባይት ላይ ቢቆርጠው «ሰላ» ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ከኋላው ግን 225 እና 136 ሦስተኛ ጓደኛቸውን አጥተው ይንጠለጠላሉ። ሁለቱ ብቻቸውን ፊደል አይሆኑም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው በጥቁር አልማዝ መሳይ ቅርጽ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ከዚህ የሚመጣ ነው።

ትልቅ ጽሑፍ ሲሆን ይህ የዕለት ተዕለት አደጋ ነው። ፕሮግራሞች ረጅም ፊልድን በአንድ ጊዜ ከማንሳት ይልቅ በቁራሽ ማንበብ ይመርጣሉ፤ የተለመደው የቁራሽ መጠን ደግሞ 4,096 ባይት ነው። ይህ ቁጥር ለ3 አይካፈልም። 1,365 የአማርኛ ፊደል ይዞ አንድ ባይት ይተርፈዋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቁራሽ ለብቻው ወደ ስትሪንግ ቀይሮ አሬይ ውስጥ ከደረደረ፣ በጠበቀ የአማርኛ ጽሑፍ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መገናኛዎች ፊደል መሀል ላይ ይወድቃሉ። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ያልተሟላውን ባይት ለቀጣዩ ቁራሽ የሚያቆይ አንባቢ መጠቀም ነው፤ አብዛኞቹ ዋና ዋና የፕሮግራም ቋንቋዎች ይህን መሣሪያ አዘጋጅተው ያቀርባሉ። የሚቀረው ፕሮግራመሩ እንደሚያስፈልገው ማወቁ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደላት ሁሉም 3 ባይት ናቸው ብሎ መደምደምም አያዋጣም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 14ኛው ዕትም ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ 28 ፊደላትን ጨምሯል፤ እነዚህ በዩቲኤፍ-8 4 ባይት፣ በዩቲኤፍ-16 ደግሞ ሁለት ቦታ ይወስዳሉ። ማይኤስኪውኤል ለረጅም ዓመታት «ዩቲኤፍ8» ብሎ ያቀረበው አማራጭ ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም፤ እነዚህን ፊደላትም ኢሞጂንም ማስቀመጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ማይኤስኪውኤል 8.0 ነባሪ ምርጫውን «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ወደሚባለው ቀይሮታል። ከዚያ በፊት የተፈጠሩ ሰንጠረዦች ግን ባለቤቱ እስኪቀይራቸው ድረስ እንደነበሩ ይቀጥላሉ።

የፊልዱ ጣሪያ በአማርኛ ስንት ነው?

የዳታቤዝ አምራቾች የፊልድን ወሰን የሚገልጹባቸው ቁጥሮች ለአማርኛ ሲሰሉ ሌላ ምስል ይሰጣሉ። በኦራክል የተለመደው የጽሑፍ ፊልድ ጣሪያ 4,000 ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ይህ 1,333 የአማርኛ ፊደል ብቻ ይይዛል። ፊልዱን በባይት ሳይሆን በፊደል ቁጥር «4,000» ብሎ ማወጅም አያድንም፤ የባይቱ ጣሪያ ከላይ ሆኖ ይገድበዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 12ሲ ዕትም ጣሪያውን ወደ 32,767 ባይት ማሳደግ ተችሏል፤ ያም 10,922 ፊደል ነው። ከዚያ የሚበልጥ ጽሑፍ ለረጅም ጽሑፍ ወደተዘጋጀው ክሎብ ወደሚባለው ዓይነት መሄድ አለበት።

በማይኤስኪውኤል «ቴክስት» የተባለው ፊልድ 65,535 ባይት ይይዛል። ይህ ልክ 21,845 የአማርኛ ፊደል ነው። ለማመልከቻ ይበቃል፤ ለረጅም የፍርድ ሐተታ ወይም ለጥናት ሪፖርት ግን አይበቃም። ጽሑፉ ሲበልጥ የሚሆነው በቅንብሩ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ 5.7 ዕትም ጀምሮ ነባሪ የሆነው ጥብቅ ሞድ ጽሑፉን አልቀበልም ብሎ ስሕተት ያሳውቃል። የድሮ ፕሮግራም እንዳይቋረጥ ተብሎ ጥብቅ ሞዱ ሲጠፋ ግን ዳታቤዙ ትርፉን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ያስቀምጣል፤ የሚተወው አንድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሱንም አብዛኛው ፕሮግራም አያነበውም።

በኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኤንቫርቻር የሚባለው ነባር የዩኒኮድ ፊልድ ለአንድ የአማርኛ ፊደል 2 ባይት ስለሚመድብ በ8,000 ባይት 4,000 ፊደል ይይዛል። በ2019 ዕትም ዩቲኤፍ-8 ሲጨመር ቦታ ይቆጥባል ተብሎ ተዋወቀ። ቁጠባው ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ እውነት ነው። ለአማርኛ ግን ያው 8,000 ባይት ከ4,000 ወደ 2,666 ፊደል ይወርዳል። ማስተዋወቂያውን እንዳለ ተቀብሎ የአማርኛ ዳታቤዙን የቀየረ ቡድን የሚወስደውን ቦታ እስከ ግማሽ ያህል ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በፖስትግሬስኪውኤል ያለው «ቴክስት» እስከ 1 ጊጋባይት ስለሚሄድ ጣሪያው በተግባር አይነካም፤ ረጅሙን ጽሑፍም ራሱ ጨምቆ በጎን በኩል ያስቀምጠዋል።

ሌላው ሳይታወቅ ጣሪያውን የሚያወርደው ጄሰን የሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ቅርጽ ነው። አሬይን በአንድ ፊልድ ለማስቀመጥ ወደ ጄሰን መቀየር የተለመደ ነው። የፓይተን ነባሪ የጄሰን ጸሐፊ ግን እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል ወደ ስድስት ምልክት ኮድ ይለውጠዋል፤ «ሰላም» 9 ባይት መሆኑ ቀርቶ 18 ይሆናል። በተራ ቴክስት ፊልድ ውስጥ እንዲህ የተቀመጠ ጽሑፍ ቦታውን እጥፍ ከመውሰዱም በላይ በአማርኛ ቃል ሲፈለግ አይገኝም፤ በፊልዱ ውስጥ የአማርኛ ፊደል የለምና። አንድ የቅንብር ቃል ይህን ሁሉ ይከላከላል፤ ቃሉ ካልተጻፈ ግን የሚሠራው ነባሪው ነው።

ሲበተን፤ ድንበሩን ማን ይነግረዋል?

ጽሑፉ በደህና ተነብቦ ሜሞሪ ከገባ በኋላ ወደ አሬይ የሚከፋፈልበት ድንበር ያስፈልጋል። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መቁረጫዎች የዓረፍተ ነገርን መጨረሻ በነጠላ ነጥብ ያውቃሉ። አማርኛ በአራት ነጥብ ይዘጋል፤ ነጠላ ነጥብ የሚገባው «ዓ.ም.» በመሳሰሉ አጽሕሮተ ቃላት ውስጥ ነው። በመሆኑም ያልተስተካከለ መቁረጫ አንቀጹን ሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ፣ «በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው» የሚለውን ሐረግ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል።

አራት ነጥብ ላይ ቁረጥ ብሎ ማዘዝም አያበቃም። ጸሐፊዎች አራት ነጥብን ቢያንስ በሦስት መንገድ ይተይቡታል፤ በራሱ በ«።» ምልክት፣ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመድገም «፡፡»፣ ወይም በእንግሊዝኛው ኮለን «::»። ለዓይን ሦስቱ ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ብቻ ካወቀ፣ «፡፡» በሚጠቀም ጸሐፊ የተጻፈ ሃያ ገጽ በአሬዩ ውስጥ አንድ አባል ሆኖ ይቀመጣል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ፍለጋ የሚዘጋጅ ከሆነ ያ አባል ከተፈቀደው መጠን ስለሚያልፍ በዘፈቀደ ይቆረጣል፤ ሕጉ በአንዱ ቁራሽ፣ «ነገር ግን» ብሎ የሚጀምረው ልዩ ሁኔታ በሌላው ቁራሽ ይቀራል። ጠያቂው ሕጉን ያገኛል፤ ልዩ ሁኔታውን አያገኝም።

የሜሞሪ ወጪውም ይለወጣል። በጃቫ አምስት ፊደል ያለው የአማርኛ ቃል ራሱ 10 ባይት ነው። ለብቻው ስትሪንግ ሆኖ አሬይ ውስጥ ሲገባ ግን የስትሪንጉ፣ የውስጥ ማከማቻውና የአሬዩ መጠቆሚያ ተደምረው በተለመደው ቅንብር ወደ 60 ባይት ይጠጋል። ጽሑፉን በቃል መበተን ሜሞሪውን ስድስት እጥፍ ያህል ያሳድገዋል ማለት ነው። በአንቀጽ ሲከፋፈል ይህ ተጨማሪ ወጪ ከቁጥር አይገባም። የመቁረጫው ልክ የሥራው ዓላማ የሚወስነው እንጂ የፕሮግራመሩ ምቾት የሚወስነው መሆን የለበትም።

ሲመለስ፤ ዝም ያለው ኪሳራ

መበተን በአብዛኛው ስሕተቱን ያሳያል። መልሶ መሰብሰብ ግን ስሕተቱን ይሸፍናል፤ የሚወጣው ጽሑፍ ሲታይ ሙሉ ይመስላልና።

የመጀመሪያው ኪሳራ ቅደም ተከተል ነው። አንቀጾች እያንዳንዳቸው በአንድ ረድፍ ከተቀመጡ፣ ዳታቤዙ በግልጽ ካልታዘዘ በስተቀር በገቡበት ተራ ለመመለስ ግዴታ የለበትም። በትንሽ ሙከራ ሁልጊዜ በተራ ይመጣሉ፤ ሰንጠረዡ ሲያድግና ጥያቄው በትይዩ ሲሠራ ሊዘበራረቁ ይችላሉ። የተራ ቁጥር ፊልድ የሌለው አንቀጽ ወደ ቦታው የሚመለስበት ዋስትና የለውም።

ሁለተኛው ባዶ መስመር ነው። ኦራክል ባዶ ስትሪንግን «ምንም የለም» ከሚለው ዋጋ አይለይም። በፖስትግሬስኪውኤል አሬይን ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው ፈንክሽን ደግሞ «ምንም የለም» የሆኑትን አባላት ዘሎ ያልፋል። የጃቫ መቁረጫም በመጨረሻ ያሉትን ባዶ አባላት ይጥላል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ምክንያት አለው፤ ሲደራረቡ ግን በአንቀጾች መካከል የነበረው ክፍተት ይጠፋል፤ የተለያዩ የውል አንቀጾችም ተያይዘው ይነበባሉ።

ሦስተኛው የድምር ጣሪያ ነው። በማይኤስኪውኤል ረድፎችን ወደ አንድ ጽሑፍ የሚሰበስበው ግሩፕ ኮንካት የተባለ ፈንክሽን ነባሪ ጣሪያው 1,024 ባይት ነው። በአማርኛ ይህ 341 ፊደል፣ ማለትም አንድ መካከለኛ አንቀጽ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ሺህ ፊደል ያህል የሚፈቅድ ስለሆነ በአጭር ናሙና አይነካም። የአማርኛው ሰነድ ግን በሁለተኛው አንቀጽ አካባቢ ይቆማል፤ እዚህም የሚቀረው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።

አራተኛው ለፍለጋ ተብሎ የሚደረግ ማስተካከያ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ ስለተመሳሰሉ ፍለጋ እንዲቀና ወደ አንድ ይሰበሰባሉ። ለፍለጋ ቅጂ ይህ ተገቢ ነው። የተስተካከለው አሬይ ተመልሶ በዋናው ፊልድ ላይ ከተጻፈ ግን «ኃይለ ሥላሴ» የነበረው ስም «ሀይለ ስላሴ» ይሆናል፤ የመታወቂያው፣ የባንኩና የፍርድ ቤቱ አጻጻፍም መለያየት ይጀምራል። ዋናው ካልተቀመጠ የቀድሞውን አጻጻፍ ከኮምፒውተሩ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ጉዳቱ ለምን ከመጠኑ ይበልጣል?

ቁረጣ የሚበላው የጽሑፉን መጨረሻ ነው። የአገራችን ሰነዶች ደግሞ ዋናውን ነገር የሚያስቀምጡት መጨረሻ ላይ ነው። በፍርድ ሐተታ ክርክሩና ማስረጃው ይቀድማል፤ ውሳኔውና ትእዛዙ ይከተላል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግልባጭ የሚደረግላቸው ክፍሎች ከፊርማው በታች ይዘረዘራሉ። በአዋጅ የተሻሩ ሕጎችና ሕጉ የሚጸናበት ጊዜ በመጨረሻዎቹ አንቀጾች ይሰፍራሉ። ከመቶ አምስት እጅ የጎደለው ሰነድ አምስት እጅ ጥቅሙን አጣ ማለት አይደለም፤ ጭራሽ የማይጠቅም ሊሆን ይችላል።

ሕጉም ጉዳዩን ከቴክኒክ ክፍል አውጥቶታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ሰዎች የሚያዝ መረጃ ትክክለኛ እንዲሆን ይጠይቃል። በሲስተሙ ጉድለት የተቆረጠ ወይም ስሙ የተለወጠ መዝገብ የያዘ ተቋም «ሶፍትዌሩ ነው» ብሎ ኃላፊነቱን ማውረድ ይከብደዋል።

ኃላፊነቱ ግን በብዙ እጆች ተበትኗል። አምራቹ ነባሪ ቅንብሩን የሚመርጠው ለአብዛኛው ደንበኛው ነው፤ አብዛኛው ደንበኛ በአማርኛ አይጽፍም። ሲስተሙን የሚያለማው ድርጅት የሚረከበው የሙከራ ናሙና አጭር ነው። ገዢው መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ «አማርኛ ይደግፍ» ብሎ ይጽፋል፤ ፊደሉ ስክሪን ላይ ከታየ መስፈርቱ ተሟልቷል ይባላል። የድሮ ሰነዶች ሌላ ጣጣ ይጨምራሉ። ከዩኒኮድ በፊት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉት የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ስለተቀመጡ፣ ወደ ዩኒኮድ ሲቀየሩ በባይት ያብጣሉ፤ በድሮው ፊልድ ይበቃ የነበረው ጽሑፍ በዚያው ፊልድ አይበቃም።

ሦስት መንገዶች

አንደኛው አሁን ባለው መቀጠልና ቅሬታ ሲመጣ ፊልዱን ማስፋት ነው። ዛሬ ወጪ የለውም። ነገር ግን የሚታከመው አቤት ያለው ሰው ሰነድ ብቻ ነው፤ ቀደም ሲል ተቆርጠው የተቀመጡት አይመለሱም። ተለይቶ ካልተወሰነ በስተቀር ብዙ ተቋም የሚሄደው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ሁሉንም ወደ ትልቁ ፊልድ ማዛወርና አሬዩን በፈለጉ ጊዜ ከእሱ መሥራት ነው። ቁረጣን ያስቀራል፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ዋጋው በፍጥነት ይከፈላል፤ አንድ አንቀጽ ለማግኘት ሙሉ ሰነዱ ይነበባል፣ ይበተናል። ሰነዱ ጥቂት፣ ተጠቃሚው አነስተኛ ለሆነበት ተቋም ይህ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ ነው። ዋናው ጽሑፍ እንደገባ፣ ሳይነካ በትልቅ ፊልድ ይቀመጣል። አንቀጾቹ ከተራ ቁጥራቸው ጋር በሌላ ሰንጠረዥ በረድፍ በረድፍ ይገባሉ፤ የተስተካከለው የፍለጋ ቅጂም እዚያው ይሆናል። አንቀጾቹ ቢበላሹ ወይም የመቁረጫው ደንብ ቢቀየር ከዋናው እንደገና ይሠራሉ። ቦታው እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ሁለቱ እንዳይለያዩም ክትትል ይጠይቃል። ጽሑፍ ግን ከፎቶና ከቪዲዮ አንጻር ሲታይ ትንሽ ቦታ ነው የሚወስደው፤ ባዶ ቦታን ጨምሮ አንድ ሚሊዮን ምልክት ያለው የአማርኛ ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 3 ሜጋባይት አይሞላም፤ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ 1 ባይት ብቻ ነውና።

ምዘና

ሕጋዊ ውጤት ላለው ሰነድ ሦስተኛው መንገድ ይመረጣል። የዲስክ ዋጋ ከጠፋ ውሳኔ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ግን አንድ መርሕ አይለወጥም፤ ፊልዱ ያለው ዋናው ነው፣ አሬዩ ከእሱ የተቀዳ ነው፣ የተቀዳው በዋናው ላይ አይጻፍም።

ይህን በጨረታ ሰነድ ውስጥ በሁለት መስመር ማስገባት ይቻላል። ሲስተሙ ሲረከብ ቢያንስ 25,000 ፊደል ያለው፣ ሦስቱንም የአራት ነጥብ አተያየብ፣ ባዶ መስመሮችን፣ «ዓ.ም.»ን፣ አዲሶቹን የጉራጌ ፊደላትና አንድ ኢሞጂ የያዘ ጽሑፍ ይግባ፤ ወደ አሬይ ተበትኖ ተመልሶ ይቀመጥ፤ ከዚያ የገባውና የወጣው በፊደል ቁጥርና ኤስኤችኤ-256 በመሰለ የዲጂታል አሻራ ይነጻጸር። የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ ንጽጽሩ ቀጥተኛ ነው። አሻራዎቹ ካልገጠሙ ርክክቡ መፈረም የለበትም።